አንቶኒ ኢደን፣ የገላባት ግንባርና የኢትዮጵያ ጉዳይ

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ሰፊውን የጥቁር አፈር ሜዳ፣ የማሽላውንና የሰሊጡን እርሻ እያቋረጠ ዶካ የተባለችውን ከተማ ካለፈ በኋላ ገላባት ይደርሳል። ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገላባት በዚህ አቅጣጫ የሱዳን የመጨረሻዋ ከተማ ናት። ከእርስዋ ፊት ለፊት፣ በበጋ ደርቆ በክረምት ከሚሞላ ጠባብ ወንዝ ማዶ፣ የኢትዮጵያዋ መተማ ትገኛለች። የሁለቱ ከተሞች ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ቡናና ሰም፣ ጨውና ጨርቅ፣ ከብትና እህል ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ወንዙ ጠባብ ይሁን እንጂ በታሪክ ላይ ያለው ስም ሰፊ ነው። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ለሞት የበቁት በዚህ ስፍራ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ሲዋዋሉ ገላባት በሱዳን በኩል፣ መተማ በኢትዮጵያ በኩል ቀሩ። ከዚያም 38 ዓመት ቆይቶ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ይኸው ደረቅ ወንዝ የኢጣልያና የእንግሊዝ የጦር ግንባር ሆነ።

በዚያን ጊዜ ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይትና ከቋራ ቆላ እየወረዱ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገሩ አርበኞች ነበሩ። የሚፈልጉት ጠመንጃና ጥይት ነው። ይሁን እንጂ ከጠመንጃው ጋር አንድ ሌላ ነገር መጠየቃቸው አልቀረም። እንግሊዞች ኢጣልያን ካስወጡ በኋላ ኢትዮጵያ ለማን ትሆናለች? ይህ ጥያቄ በገዳሪፍ የሚመለስ አልነበረም። መልሱ የሚገኘው ለንደን ነበር። በለንደንም መልሱን ከሚሰጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሮበርት አንቶኒ ኢደን ይባላሉ።

ኢደን የተወለዱት ሰኔ 6 ቀን 1889 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በደረም ክፍለ ሀገር፣ ዊንድልስተን በተባለው የቤተሰባቸው ርስት ነው። አባታቸው ሰር ዊልያም ኢደን የባሮኔትነት ማዕረግ የነበራቸው ባለ ርስት ናቸው። ሥዕል የሚወዱና ራሳቸውም የሚሥሉ፣ ነገር ግን ቁጣቸው ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስጨንቅ ሰው ነበሩ። ባሮኔት ማለት በእንግሊዝ አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ ማዕረግ ሲሆን ባለቤቱ «ሰር» ተብሎ ይጠራል። በእኛ አገር ራስነትና ደጃዝማችነት በሹመት የሚገኝ እንጂ ልጅ ከአባቱ በሕግ የሚወርሰው አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ግን ማዕረጉም ርስቱም የሚተላለፈው ለበኩር ልጅ ብቻ ነው። አንቶኒ ኢደን ሦስተኛ ወንድ ልጅ ስለነበሩ ማዕረጉ ሊደርሳቸው አልቻለም። በመሆኑም ከመኳንንት ቤት የተወለዱ ቢሆኑም ወደ ሥልጣን ለመውጣት የሕዝብ ድምፅ መለመን ነበረባቸው።

የመኳንንቱ ልጆች በሚማሩበት በኢተን ትምህርት ቤት ሳሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ታላቅ ወንድማቸው ጆን በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ተገደለ። ታናሽ ወንድማቸው ኒኮላስ ደግሞ በ1908 ዓ.ም. በጀትላንድ የባሕር ጦርነት መርከቡ ስትሰጥም በ16 ዓመቱ ሞተ። ኢደን ራሳቸው በፈረንሳይና በቤልጅግ ምሽግ ውስጥ ተዋግተው ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ኒሻን ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ ኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ ገብተው የፋርስንና የዐረብኛን ቋንቋ አጠኑና በ1914 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። የምሥራቁን ዓለም ቋንቋ አጥንቶ ወደ ፖለቲካ የሚገባ እንግሊዛዊ ጥቂት ነው። ይህ ዕውቀት ግን በመጨረሻው ዘመናቸው በግብፅ ጉዳይ ከወደቁበት ስሕተት አላዳናቸውም።

በኅዳር ወር 1916 ዓ.ም. የወግ አጥባቂው ፓርቲ እጩ ሆነው ዎሪክና ሌሚንግተን ከተባለው የምርጫ ወረዳ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጡ። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በዚያው ዓመት መስከረም ወር ውስጥ ነው። በጊዜው ይህን ግጥጥሞሽ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ የወጣቱ እንደራሴ ስምና የኢትዮጵያ ስም ከ12 ዓመት በኋላ ጄኔቭ ላይ በአንድነት መነሣታቸው የማይቀር ሆነ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ጠብ ከተነሣ ወዲህ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር መዘጋጀቱ ግልጽ ነበር። በግንቦት 1927 ዓ.ም. መጨረሻ ኢደን የመንግሥታቱ ማኅበር ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በሰኔ ወርም የለንደንን መንግሥት የማስታረቂያ ሐሳብ ይዘው ሮማ ሄዱ። ሐሳቡ ኢትዮጵያ ከኦጋዴን አንዱን ክፍል ለኢጣልያ እንድትለቅ፣ በምትኩም እንግሊዝ ከሶማሌ ግዛትዋ የዘይላን ወደብ ከመተላለፊያ መሬት ጋር ለኢትዮጵያ እንድትሰጥ የሚል ነበር። መሬቱ የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ ኢትዮጵያ ስለ ነገሩ አስቀድማ አልተጠየቀችም። ሙሶሊኒም ሐሳቡን ወዲያውኑ ናቀው። ከዚህ በኋላ ኢደንና ሙሶሊኒ በክፉ ዓይን የሚተያዩ ሰዎች ሆኑ። የኢጣልያ ጋዜጦች የኢትዮጵያ ወዳጅ እያሉ ሰደቧቸው። በኢትዮጵያም ብዙ ሰው ስማቸውን በተስፋ ይሰማ ጀመር።

ይህ ተስፋ ምን ያህል መሠረት ነበረው? የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ክረምት ለኢትዮጵያም ለኢጣልያም የጦር መሣሪያ መላክን ከለከለ። ኢጣልያ መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካዋ ስለምትሠራ ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። ይህ ክልከላ የተነሣላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ከተሻገረ በኋላ ነበር። ማኅበሩም በኅዳር ወር በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ነገር ግን ከተከለከሉት ዕቃዎች መካከል ነዳጅ አልነበረበትም። ጦር የሚያመላልሱ የኢጣልያ መርከቦችም በሱዌዝ ቦይ እንደ ልባቸው ያልፉ ነበር። ቦዩን የሚጠብቀው የእንግሊዝ ጦር ሆኖ ሳለ መተላለፊያው አልተዘጋም።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ ሰፊ ግዛት ቆርሰው ለኢጣልያ የሚሰጥ ስምምነት አዘጋጁ። ምሥጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ እጅግ ተቆጣ። ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በምትካቸው የ38 ዓመቱ ኢደን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በየካቲት ወርም ማዕቀቡ ነዳጅን እንዲጨምር መንግሥታቸው እንደሚደግፍ ለማኅበሩ አስታወቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሂትለር ጦሩን ወደ ራይን ወንዝ አውራጃ አስገባ። የአውሮፓ ዓይን ሁሉ ከኢትዮጵያ ወደዚያ ዞረ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦርነቱ ሲደረግ የነዳጁ ጉዳይ ገና በወረቀት ላይ ነበር።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ጉባኤ ቆመው አቤቱታቸውን ባሰሙ ጊዜ ኢደን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆነው በአዳራሹ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ጉባኤ ማዕቀቡ እንዲነሣ የጠየቁትም እኒሁ ሰው ናቸው። ኢደን የኢትዮጵያን መበደል አልካዱም። ነገር ግን ማዕቀቡ ከአሁን በኋላ ጥቅም የለውም አሉ። ጥቅም እንዳይኖረው ያደረገው ማን እንደሆነ በአዳራሹ ውስጥ ላለ ሁሉ የታወቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ በየካቲት 1930 ዓ.ም. ኢደን ከጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን ጋር ተጣልተው ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ቻምበርሌን የኢትዮጵያን መያዝ በሕግ እስከ ማወቅ ድረስ ሄደው ከኢጣልያ ጋር ሊታረቁ ይፈልጉ ነበር። ኢደን ደግሞ ሙሶሊኒ ወታደሮቹን ከእስፓኝ ሳያስወጣ፣ ቀድሞ የገባውን ቃልም ሳይፈጽም አዲስ ድርድር መጀመር ሞኝነት ነው አሉ። ስለዚህ ኢደን ለኢትዮጵያ ሲሉ ሥልጣን ለቀቁ ማለት ነገሩን ማጋነን ይሆናል። የጠቡ ዋና ምክንያት የእስፓኝ ጦርነትና የሙሶሊኒ ቃል አለመታመን ነበር። እንዲህም ሆኖ ከእርሳቸው መውጣት በኋላ ቻምበርሌን ያሰቡትን ፈጸሙ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ አወቀች። በዚያ ዓመት በየጫካው የሚዋጉት አርበኞች ከውጭ አንድ ጥይት የሚሰጣቸው መንግሥት አልነበራቸውም።

ነገሩ የተለወጠው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ሆነዋል፤ ኢደንም የጦር ሚኒስትር ናቸው። በምሥራቅ አፍሪቃ ያለው የኢጣልያ ጦር ከ2 መቶ ሺህ በላይ ነበር። በመላው ሱዳን የነበረው የእንግሊዝና የሱዳን ጦር ግን ከ10 ሺህ አይበልጥም። ሰኔ 27 ቀን ኢጣልያኖች ከሰላንና ገላባትን በአንድ ቀን ያዙ። ከሰላ ሲያዝ ከዚያ ወደ ገዳሪፍ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ተቆረጠ። ገዳሪፍ ግን በሴናር በኩል ከነጭ ዓባይና ከጥቁር ዓባይ መካከል ካለው አገር ጋር በባቡር እንደ ተገናኘች ቀረች። ስለዚህ ከተማይቱ የግንባሩ ስንቅና ትጥቅ ማከማቻ ሆነች። ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገረው መሣሪያና ገንዘብ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ወሬና መልእክተኛ ሁሉ በዚህች ከተማና በአካባቢዋ ያልፍ ጀመር። የሱዳን ጦር አዛዥ ጄኔራል ፕላት በድንበሩ ማዶ ላሉት የአርበኞች መሪዎች መጥተው ጠመንጃ እንዲወስዱ ደብዳቤ ላኩ። በዚያ ወገን ስማቸው የገነነው የአርማጭሆው ውብነህ ተሰማ፣ በቅጽል ስማቸው አሞራው፣ እንዲሁም የወልቃይቱ አዳነ መኮንን ነበሩ።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ «ተልእኮ 101» የተባለውን ጓድ እየመሩ ከዶካ ተነሥተው ድንበሩን ተሻገሩ። ሳንድፎርድ ከወረራው በፊት በሙሎ እርሻ ይዘው የኖሩ፣ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረዋቸው ነበሩ። ጊዜው ክረምት ሲሆን ቆላው ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት፣ አየሩም ወባ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከኢጣልያ ጦር ሰፈሮች መካከል ሾልከው ጎጃም ገቡና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በአንድነት እንዲዋጉ አስማሟቸው። በአርበኞች መካከል ያለውን ቂም ማብረድ ከጠመንጃ ማደል የሚያንስ ሥራ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በካርቱም አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። በሱዳን ያሉት የእንግሊዝ ሹማምንት ብዙዎቹ በመምጣታቸው አልተደሰቱም። የንጉሠ ነገሥቱ መምጣት ኢጣልያን ያስቆጣል፣ እኛ ደግሞ የምንከላከልበት ጦር የለንም ይሉ ነበር። ለአርበኞች የሚሰጠው ጠመንጃም አብዛኛው ያረጀ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት መሣሪያና የጦር መምህራን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መካከል ውል እንዲጻፍ፣ ኢትዮጵያም ከተባባሪዎቹ መንግሥታት እንደ አንዷ እንድትቆጠር ጭምር ጠየቁ።

ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ኢደን ካርቱም ገቡ። በስብሰባው ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቨል፣ የደቡብ አፍሪቃው ጠቅላይ ሚኒስትር ስመትስ፣ ጄኔራል ፕላትና በኬንያ በኩል ያለውን ጦር እንዲመሩ የተመደቡት ጄኔራል ካኒንግሃም ተገኙ። በዚያው ዕለት ኢጣልያ ግሪክን መውረሯ ተሰማ። ኢደን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኝተው አቤቱታቸውን ሰሙ። በስብሰባውም በኢትዮጵያ ውስጥ ያለው አመፅ ከእስከ አሁኑ ይበልጥ በመሣሪያና በገንዘብ እንዲደገፍ፣ የገላባት ምሽግም በቅርብ ቀን እንዲጠቃ ተወሰነ። ለሹማምንቱ ማመንታት ኢደን ትዕግሥት አላሳዩም። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት ውል አልተሰጣቸውም። ጠመንጃ ለመጨመር የጦር ሚኒስትር ሥልጣን ይበቃል፤ ለውል ግን የካቢኔው ፈቃድ ያስፈልጋል። ካቢኔውም ከጦርነቱ በኋላ እጁን የሚያስር ነገር ለመጻፍ ገና አልተዘጋጀም ነበር።

ከስብሰባው በኋላ 10 ቀን ሳይሞላ፣ ጥቅምት 27 ቀን ማለዳ፣ በብሪጋዲየር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ በገላባት ላይ አደጋ ጣለ። አውሮፕላኖች ምሽጉን ደበደቡ፤ ታንኮችም እግረኛውን እየመሩ ገቡ። ገላባት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተያዘች። ይሁንና ከታንኮቹ አብዛኞቹ በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። ያለ ታንክ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ በመተማ ዙሪያ የተተከለውን የሽቦ አጥር መስበር አልተቻለም። በዚህ መካከል የኢጣልያ አውሮፕላኖች የሰማዩን የበላይነት ያዙ። ገላባት የቆመችበት ኮረብታ ድንጋያማ ስለሆነ ወታደሩ ምሽግ ሊቆፍር አልቻለም። አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ ጦርም ተደናግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ስሊም ጦራቸውን ከኮረብታው ለማውረድ ተገደዱ። በኋላ በበርማ ጦርነት ስመ ጥር የሆኑት እኒህ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚህ ውጊያ ሲጽፉ የውድቀቱን ምክንያት በራሳቸው ላይ አድርገዋል። ሁለት መንገድ በፊታቸው ሳለ የጥንቃቄውን መርጠው የድፍረቱን በመተዋቸው ማዘናቸውንም አልደበቁም።

የገላባት ውጊያ ባይሳካም አንድ ትምህርት አስገኝቷል። በድንበሩ ላይ ፊት ለፊት መግጠም ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ስለዚህ ከኋላ የሚያስጨንቀው የአርበኞች ጦር ዋጋው ከፍ አለ። በካርቱም በተወሰነው መሠረት ጠመንጃው፣ ጥይቱና ማርያ ቴሬዛ ብሩ በግመል እየተጫነ ወደ ጎጃም ይጎርፍ ጀመር። ከሱዳን ሜዳ የተነዱት ግመሎች የደጋውን ዳገትና ብርድ ስለማያውቁ በሺህ የሚቆጠሩት በየመንገዱ አለቁ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን በኢትዮጵያ ምድር ተከሉ። ጥር 23 ቀን ሌሊት ደግሞ ኢጣልያኖች መተማን ለቀው ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሸሹ።

መተማ በተለቀቀች በአራተኛው ቀን፣ ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ኢደን በለንደን ምክር ቤት ቆመው የመንግሥታቸውን አቋም አስታወቁ። አስቀድመው በታኅሣሥ ወር ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመልሰው ነበር። ንግግራቸው አጭር ሆኖ ሁለት ወገን አለው። በአንደኛው ወገን የእንግሊዝ መንግሥት የኢትዮጵያን ነፃ መንግሥትነት እንደገና መቆም በደስታ እንደሚቀበል፣ የዓፄ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ መብት እንደሚያውቅ፣ በኢትዮጵያ ላይም የግዛት ምኞት እንደሌለው ይናገራል። በሌላው ወገን ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር መሪነትና ቁጥጥር ለጊዜው አስፈላጊ እንደሚሆን፣ ኢትዮጵያም የውጭ ርዳታና ምክር እንደሚያስፈልጋት ይገልጻል። አርበኞች ገዳሪፍ ላይ ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። የመጀመሪያውን ወገን የሰማ ተደሰተ። ሁለተኛውን ወገን በጥንቃቄ ያነበበ ግን «ለጊዜው» የሚለው ቃል ስንት ዓመት እንደሚሆን መጠየቅ ነበረበት። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ይህ ዕዳ ግን የመክፈያው ቀን አልተጻፈበትም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በከተማይቱ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ተቋቁሞ ቆያቸው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነፃ አገር መሆንዋን አወቀች፤ የገንዘብ ርዳታም ለመስጠት ተስማማች። በአንጻሩ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ በማዕረግ እንዲቀድም፣ አማካሪዎችና ዳኞች ከእንግሊዝ እንዲመጡ ተደረገ። ኦጋዴን፣ ሐውድና የምድር ባቡሩ መሥመርም በእንግሊዝ ጦር እጅ ቆዩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ይህ ስምምነት በሌላ ተተካ። የእንግሊዝን መልእክተኞች የመሩት ኧርል ደ ላ ዋር ሲሆኑ በኢትዮጵያ በኩል የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ቀዳሚነት ቀረ፤ የባቡሩ መሥመርም ተመለሰ። ኦጋዴንና ሐውድ ግን ገና አልተመለሱም። በዚህ ዘመን ሁሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኢደን ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ኦጋዴንን ለኢጣልያ ለማካፈል ሮማ የሄዱት ሰው፣ ከ10 ዓመት በኋላ መሥሪያ ቤታቸው ያንኑ ኦጋዴን ይዞ እንዲቆይ ፈቀዱ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የሚለው ስም በዚህ በኩል ሲመረመር ይቀላል። የኢደን መልካም ፈቃድ የእንግሊዝ ጥቅም እስከሚፈቅደው ድንበር ድረስ የሚሄድ፣ ከዚያም የሚቆም ነበር።

ጦርነቱ በገዳሪፍ ላይ የተወው ምልክት ሌላ ነው። የሱዳን አስተዳደር ለጦሩ የሚሆን እህል ለማግኘት በ1937 ዓ.ም. ገደማ በገዳሪፍ ሜዳ ማሽላ በትራክተር ማረስ አስጀመረ። ይህ እርሻ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሄዶ በመከር ወቅት ከኢትዮጵያ የሚሻገሩ ብዙ የቀን ሠራተኞችን የሚስብ ሆነ።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ወግ አጥባቂው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈና ኢደን ከሥልጣን ወጡ። በዚያው ክረምት የአየር ኃይል ባልደረባ የነበረው የበኩር ልጃቸው ሳይመን በበርማ ሞተ። ፓርቲያቸው በ1944 ዓ.ም. ሲመለስ ኢደን ለሦስተኛ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የካቲት 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ሱዳን የራስዋን ዕድል እንድትወስን የሚፈቅድ ስምምነት ከግብፅ ጋር ተደረገ። ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. ደግሞ ሐውድ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ ለንደን ላይ ተፈረመ። ከ14 ዓመት በፊት በምክር ቤት የተነገረው «ለጊዜው» የሚል ቃል የተዘጋው በዚህ ፊርማ ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1947 ዓ.ም. ኢደን ቸርችልን ተክተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃነቷን ስታውጅ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው ድንበር በእርሳቸው ዘመን ከእንግሊዝ እጅ ወጣ። ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ዕድሜው ከሁለት ዓመት ያነሰ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1948 ዓ.ም. የግብፁ መሪ ገማል ዓብደል ናስር የሱዌዝን ቦይ ኩባንያ ወረሱ። ኢደን በናስር ውስጥ ሌላ ሙሶሊኒ ያዩ መሰላቸው። የ1928 ዓ.ም. ስሕተት እንዳይደገም ብለው በኃይል ለመመለስ ቆረጡ። ንጽጽሩ ግን የተሳሳተ ነበር። ሙሶሊኒ የሌላውን አገር የወረረ ሲሆን ናስር የወረሱት በገዛ አገራቸው ያለውን ቦይ ነው። ጉዳዩን በሰላም ለመጨረስ በአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዚስ የሚመራ የአምስት አገሮች ኮሚቴ ወደ ካይሮ ሲላክ ከአምስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የወከሏትም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የሱዌዝ ቦይ እንዲዘጋላት ለምና ያልተሰማችው አገር አሁን በቦዩ ጉዳይ አስታራቂ ሆና ተቀመጠች።

ኮሚቴው ሳይሳካለት ተመለሰ። ኢደንም ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር በምሥጢር ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት እስራኤል ጥቅምት 19 ቀን 1949 ዓ.ም. ግብፅን ወረረች። እንግሊዝና ፈረንሳይም ሁለቱን ለማስታረቅ መጣን ብለው ጦራቸውን በፖርት ሳይድ አወረዱ። አሜሪካ ተቃወመች፤ የእንግሊዝ ገንዘብም ዋጋው ይወድቅ ጀመር። ጥቅምት 27 ቀን ኢደን ተኩስ ለማቆም ተገደዱ። ስሊም ገላባትን ያጠቁት ከ16 ዓመት በፊት በዚያው ዕለት ነበር። በታኅሣሥ ወር ኢደን እስራኤል እንደምትወር አስቀድመው አያውቁም እንደ ነበር ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ይህ እውነት አልነበረም። ጥር 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ሕመማቸውን ምክንያት አድርገው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በሐምሌ 1953 ዓ.ም. የኤቨን ኧርል ተብለው ተሾሙና በመኳንንት ምክር ቤት ገቡ። በልደት ያልደረሳቸው ማዕረግ በ64 ዓመታቸው በሹመት ተሰጣቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት የሕይወት ታሪካቸውን በሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ አስቀድመው ያወጡት ስለ ሱዌዝ የሚናገረውን ነው፤ የጄኔቭንና የጦርነቱን ዘመን ታሪክ የያዙት ሁለቱ ቅጾች ከዚያ በኋላ ታተሙ። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳሉ ሕመሙ ስለጠናባቸው የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላን ልኮ ወደ አገራቸው መለሳቸው። ጥር 6 ቀን በ79 ዓመታቸው ሞቱና ይኖሩባት በነበረችው በአልቬዲስተን መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበሩ።